መምህሩ ፕሬዚዳንት፦ የጁልየስ ኔሬሬ ሕይወትና የትምህርት ጥያቄ

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ከመምህርነት ተነሥተው አገር ለመምራት የበቁትን የታንዛኒያውን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የጁልየስ ካምባራጌ ኔሬሬን የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውየው ያረፉት የዛሬዎቹ ሠልጣኞች ገና ሳንወለድ ነው። ታዲያ ዛሬ ለምን አነሣናቸው? አንድ አገር ገንዘቧ ጥቂት፣ መማር ያለባቸው ልጆቿ ግን ብዙ ሲሆኑ ትምህርት ቤት የሚቆመው ለማን ነው? ለአንዱ ጎበዝ ልጅ ዕድገት ወይስ ለመንደሩ ሁሉ ጥቅም? ኔሬሬ ይህን ጥያቄ በወረቀት ላይ ጽፈው አልተዉትም፤ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሕፃናት ላይ በተግባር ሞክረውታል። የተሳካላቸውም ያልተሳካላቸውም ነገር ለእኛ ለእጩ መምህራን ትልቅ ትምህርት አለው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ከበግ ጠባቂነት እስከ ዩኒቨርሲቲ

ኔሬሬ የተወለዱት ኤፕሪል 13 ቀን 1922 ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተምሥራቅ በምትገኘው በቡቲያማ መንደር ነው። አገሩ በዚያን ጊዜ ታንጋኒካ ተብሎ በእንግሊዞች ይተዳደር ነበር። አባታቸው ኔሬሬ ቡሪቶ ዛናኪ የሚባለው አነስተኛ ሕዝብ ባላባት ሲሆኑ፣ እናታቸው ሙጋያ ከባላባቱ ብዙ ሚስቶች አንዷ ነበሩ። ልጁ የተወለደበት ቀን ዝናብ ይዘንብ ስለነበር በዛናኪዎች ዘንድ የዝናብ መንፈስ ስም የሆነው ካምባራጌ ወጣለት።

የባላባት ልጅ ነው ተብሎ የተለየ ኑሮ አልነበረም። እሳቸውም እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ በግ ሲጠብቁ አደጉ። ትምህርት ቤት የገቡት በ12 ዓመታቸው ሲሆን፣ እሱም ከቡቲያማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሙሶማ ከተማ የሚገኝ ነበር። ስዋሂሊን የተማሩትም እዚያው ነው። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፈው በ1937 ወደ ታቦራ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ታቦራ በእንግሊዝ አገር የታላላቅ ሰዎች ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አምሳል የተቋቋመ፣ ከመላው ታንጋኒካ ጥቂት የተመረጡ ወንዶች ልጆች ብቻ የሚገቡበት ቦታ ነበር። ከዚያም በኡጋንዳ በሚገኘው የማኬሬሬ ኮሌጅ ከ1943 እስከ 1945 ተምረው በመምህርነት ዲፕሎማ ተመረቁ። ጁልየስ የሚለውን ስም ያገኙት በ1943 በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከቡቲያማ ሜዳ ላይ አብረዋቸው በግ ይጠብቁ ከነበሩት ልጆች አብዛኞቹ እዚያው ቀርተዋል። አንዱ ልጅ ነጥሮ ወጣ፤ መንደሩ ግን በነበረበት ቆየ። ይሄ ነገር ኔሬሬን ዕድሜ ልካቸውን ሲያሳስባቸው እንደኖረ ከኋላ ሥራቸው እንረዳለን።

ምዋሊሙ

ከማኬሬሬ እንደተመለሱ በታቦራ በሚገኘው የቅድስት ማርያም የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1949 የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ስኮትላንድ ሄዱና በ1952 ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የኤም ኤ ዲግሪ ተቀበሉ። ከታንጋኒካ ተነሥተው በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች አንዱ ናቸው። ተመልሰውም ለዳሬሰላም ቅርብ በሆነው በፑጉ የቅዱስ ፍራንሲስ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። በ1953 ማሪያ ገብርኤል የተባሉትን መምህርት አገቡ።

በጁላይ 1954 ታኑ የተባለው የነጻነት ፓርቲ በእሳቸው መሪነት ተመሠረተ። ቀን ክፍል ውስጥ፣ ማታ ስብሰባ ላይ መሆን ግን ብዙ አላስኬደም። በ1955 ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸውና ደመወዛቸውን ትተው ማስተማሩን ለቀቁ። ነገር ግን መምህርነቱ እሳቸውን አልለቀቃቸውም። ሕዝቡ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚጠራቸው ምዋሊሙ እያለ ነበር፤ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። እሳቸውም መምህር የሆኑት በምርጫ፣ ፖለቲከኛ የሆኑት ግን በአጋጣሚ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። እንግዲህ እኛ የተያያዝነው ሙያ ለአንድ የአገር መሪ የክብር ስሙ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

ነጻነት ሲመጣ የተገኘው

ታንጋኒካ ዲሴምበር 9 ቀን 1961 ነጻ ወጣች። ኔሬሬ መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በ1962 መጨረሻ ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1964 ከዛንዚባር ጋር በተደረገው ውሕደት አገሪቱ ታንዛኒያ ተባለች።

በትምህርት በኩል የተረከቡት ነገር ምን ይመስል ነበር? ትምህርት ቤቱ በቆዳ ቀለም የተከፋፈለ ነበር፤ የአውሮፓውያን ለብቻው፣ የእስያውያን ለብቻው፣ የአፍሪካውያን ለብቻው። ይሄንን ወዲያው አስቀሩት። ከባዱ የቁጥሩ ነገር ነበር። በ1961 በመላው ታንጋኒካ አንደኛ ደረጃ የሚማሩት 490,000 ልጆች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከ4ኛ ክፍል አያልፉም ነበር። ሁለተኛ ደረጃ የደረሱት 11,832 ብቻ ነበሩ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የመጨረሻው ክፍል፣ ፎርም ስድስት የሚባለው፣ በመላ አገሪቱ 176 ተማሪዎች ነበሩት። ይህ የእኛ ማሠልጠኛ ጥቂት ክፍሎች ቢሞሉ የሚይዙት ቁጥር ነው!

እስከ 1967 ድረስ የአንደኛ ደረጃው ወደ 825,000፣ የሁለተኛ ደረጃው ወደ 25,000፣ ፎርም ስድስት ደግሞ ወደ 830 ከፍ አለ። ዕድገቱ የሚናቅ አይደለም። ቢሆንም ኔሬሬ በዚህ ቁጥር ውስጥ ያዩት ሌላ ነገር ነው። አንደኛ ደረጃ ከሚማሩት መቶ ልጆች ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የሚያገኙት 13 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ታዲያ ትምህርቱ በሙሉ የሚዘጋጀው ለእነዚህ ለ13ቱ ነበር። የቀሩት 87ቱ ፈተና ወደቁ ተብለው፣ ለእርሻም ለቢሮም ሳይሆኑ ወደ ቀዬአቸው ይመለሳሉ። አባት ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ከእርሻ እንዲያመልጥለት ነበር፤ ልጁ ሲመለስ ግን አባትም ልጅም ያፍራሉ።

የ1966ቱ ጠብ

ነገሩን ያፈነዳው በኦክቶበር 1966 የሆነው ነው። መንግሥት ከሁለተኛ ደረጃና ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ወጣቶች ሁሉ ለሁለት ዓመት ብሔራዊ አገልግሎት እንዲሰጡ፣ በአብዛኛውም ጊዜ ከመደበኛው ደመወዝ ከግማሽ በታች እየተከፈላቸው እንዲሠሩ አወጀ። የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ተቆጥተው ሰልፍ ወጡ። ከያዙት መፈክር ውስጥ የቅኝ ግዛቱ ዘመን ይሻል ነበር የሚል ሳይቀር ነበረበት።

ኔሬሬ ተማሪዎቹን በግቢያቸው ተቀብለው ያሉትን ሁሉ አዳመጡ። ከዚያ በኋላ ግን ንዴታቸው ገነፈለ። የተማረው ክፍል ደመወዝ ከገበሬው ገቢ ጋር ሲነጻጸር በጣም ከፍተኛ ነው፣ የእኔም ጭምር፣ አሉና የራሳቸውን ደመወዝ እዚያው በ20 ከመቶ ቀነሱ። ከሦስት መቶ በላይ የሚሆኑ ተማሪዎችም ከኮሌጁ ተባረው ወደየቤታቸው ተላኩ። አብዛኞቹ የተመለሱት በቀጣዩ ዓመት ነው።

ስለዚህ ጠብ እኛ ሠልጣኞች ስንወያይ በሁለት ተከፍለን ነበር። ገሚሶቻችን ተማሪዎቹ ያስተማራቸውን ገበሬ ረስተዋል አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ ሐሳቡን በሰልፍ የገለጸን ተማሪ ማባረር የመምህር ሥራ አይደለም አልን። እንደ እውነቱ ከሆነ ሁለቱም ወገን ይዞት የነበረው የእውነትን ግማሽ ነው። መሪው የራሱን ደመወዝ ቀድሞ መቁረጡ ንግግሩን ክብደት ሰጥቶታል። ማባረሩ ግን ጥያቄውን ዘጋው እንጂ አልመለሰውም።

ኔሬሬ በዚያ ዘመን የሚያዘወትሩት አንድ ምሳሌ ነበራቸው። ረሃብ የገባበት መንደር ያለችውን እህል አሰባስቦ ለአንድ ጠንካራ ሰው ያበላል፤ ሩቅ ሄዶ ለሁሉም እህል ይዞ እንዲመጣ። ያ ሰው በልቶ ከቀረ መንደሩን ከድቷል ማለት ነው። ለእሳቸው የተማረ ሰው ይህ መንገደኛ ነበር።

ትምህርት ራስን ለመቻል

በፌብሩዋሪ 1967 የአሩሻ መግለጫ የተባለው የፓርቲው የፖሊሲ ሰነድ ወጣ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ኔሬሬ ስለ ትምህርት የጻፉት ሰነድ ታተመ፤ ርእሱ ትምህርት ራስን ለመቻል የሚል ነው። ስለ አፍሪካ ትምህርት ከተጻፉት ሁሉ ብዙ ከተነበቡት አንዱ ነው።

ሰነዱ የነበረውን ትምህርት በብዙ በኩል ይነቅፋል። ጥቂቶችን ለመምረጥ የቆመ ነው፤ ልጁን ከወላጆቹ ኑሮ ይለየዋል፤ ዕውቀት ያለው በመጽሐፍና በዲፕሎማ ብቻ እንደሆነ አድርጎ የሽማግሌውን ጥበብ ያስንቃል፤ ጉልበት ያላቸውን ወጣቶች ለዓመታት ከሥራ ውጭ አድርጎ ያስቀምጣል ይላል። መፍትሔ ያለውም የሚከተለውን ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሌላ ፈተና መዘጋጃ መሆኑ ቀርቶ በራሱ የተሟላ ይሁን። ልጆች ሲጨርሱ ለኑሮ የበሰሉ እንዲሆኑ የመግቢያው ዕድሜ ከፍ ይበል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት እርሻ ወይም ሌላ የሥራ ቦታ ይኑረው፤ ተማሪውም ከዕቅዱ ጀምሮ ይሳተፍ። የፈተና ጌትነት ይቀንስ።

ብዙ ሰው ስለዚህ ሰነድ ሲያወራ የሚያነሣው እርሻውን ብቻ ነው። ነገር ግን እዚያው ውስጥ ኔሬሬ ትምህርት በእያንዳንዱ ዜጋ ላይ ሦስት ነገር ማሳደግ አለበት ብለዋል። አንደኛ፣ የሚጠይቅና የሚመራመር አእምሮ። ሁለተኛ፣ ከሌሎች የሚማርና የተማረውን ለራሱ እንዲስማማ አድርጎ የሚቀበል ወይም የሚጥል ችሎታ። ሦስተኛ፣ በኅብረተሰቡ ውስጥ ነጻና እኩል ሰው መሆኑን የሚያምን፣ ሌላውን የሚያከብር በራስ መተማመን። እንግዲህ ሕልማቸው የታዘዘውን የሚያርስ ትውልድ አልነበረም። አንዱ ሰው ሙሉ ሰው ካልሆነ መንደሩም መንደር አይሆንም የሚል ነበር። ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሻውን በመመሪያ ማዘዝ ይቻላል፣ የሚጠይቅ አእምሮን ግን በመመሪያ ማዘዝ አይቻልም።

የተሠራው ሥራ

መቼም ሥራው ትልቅ ነበር። ከ1967 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በስዋሂሊ ሆነ። ቋንቋው ለታላቅ ሐሳብ አይበቃም ለሚሉት ኔሬሬ ራሳቸው የሼክስፒርን ሁለት ተውኔቶች ወደ ስዋሂሊ ተርጉመው አሳዩአቸው። 1970 የጎልማሶች ትምህርት ዓመት ተብሎ ታወጀና አባትና እናት በማታ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በ1967 ከመቶ ጎልማሶች 67 ያህሉ ማንበብ የማይችሉ ሲሆኑ፣ በ1975 ቁጥሩ ወደ 39 ወርዷል።

በ1974 ፓርቲው ሙሶማ ላይ ተሰብስቦ እስከ 1977 መጨረሻ ድረስ ልጆች ሁሉ አንደኛ ደረጃ እንዲገቡ ወሰነ። መምህር ከየት ይምጣ? 7ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች በየመንደሩ ተመልምለው፣ ግማሹን ቀን እያስተማሩ፣ በቀረው ጊዜ በሬዲዮና በተልእኮ ትምህርት እየሠለጠኑ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ መምህራን ወጡ። በ1980 በአንደኛ ደረጃ የሚማሩት ልጆች ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከ490,000 ተነሥቶ በ19 ዓመት ውስጥ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለአንድ የትምህርት ሚኒስቴር ከባድ የነበረው መንደር ሁሉ ሲሸከመው ቀለለ።

ጠባቧ በር

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ገጽ እንሂድ። ገንዘቡ ሁሉ ወደ አንደኛ ደረጃ ስለሄደ ሁለተኛ ደረጃ ሆን ተብሎ ጠባብ እንዲሆን ተደረገ። በ1980ዎቹ በዕድሜ ለሁለተኛ ደረጃ ከሚደርሱት መቶ ወጣቶች ውስጥ ትምህርት ቤት የሚያገኙት አምስት እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በዓለም ላይ ከነበሩት ዝቅተኛ ቁጥሮች አንዱ ነው። ያችም ጥቂት ቦታ በየክፍለ ሀገሩ በኮታ ትከፋፈል ነበር። ይህ ወደ ኋላ ለቀሩት አካባቢዎች ፍትሕ ነበር። ትምህርት ቀድሞ በገባበት በኪሊማንጃሮ ግን በጥሩ ነጥብ ያለፈ ልጅ ቦታ ሲያጣ፣ በሌላ ክፍለ ሀገር በዝቅተኛ ነጥብ ይገባ ነበር። ለዚያ ልጅ ለአገር ጥቅም ነው ብሎ ማስረዳት ቀላል ነው እንዴ?

ወላጆች ምን አደረጉ? አልተከራከሩም፤ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ሁለተኛ ደረጃ ሠሩ። በተለይ በኪሊማንጃሮ በቡና ገንዘብ ብዙ ትምህርት ቤት ተከፈተ። መንግሥት በሩን ቢያጠብም ሰዎች በጎን ሌላ በር ከፈቱ፤ እዚያ በር ደግሞ የሚገባው ገንዘብ ያለው ነው። እንዲህ ሲሆን እኩልነት ለማምጣት የወጣው ደንብ ራሱ ሌላ ልዩነት ፈጠረ።

የሙሶማው ውሳኔ ሌላም ነገር ነበረበት። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ወጣት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ቀርቶ መጀመሪያ እንዲሠራና ከሥራ ቦታው ምስክርነት እንዲያመጣ ተደነገገ። ሐሳቡ ከ1966ቱ ጠብ ጋር የሚሄድ ነው። ውጤቱ ግን ያልታሰበ ነበር፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ሴቶች ቁጥር አሽቆለቆለ። ምክንያቱም አንዲት ልጃገረድ ትምህርቷን አቋርጣ ከቆየች ትዳርና ልጅ ይቀድሟታል። ደንቡ ለሴቶች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተነሣ። ለሁሉም እኩል የወጣ ደንብ ሁሉንም እኩል አይነካም ማለት ነው።

የትምህርት ቤቱ እርሻም ቢሆን በብዙ ቦታ የታሰበለትን አልሆነም። ከሳይንስና ከሒሳብ ትምህርት ጋር በተያያዘበት ቦታ ልጆች ተጠቅመዋል። ባልተያያዘበት ግን እርሻው የቅጣት ቦታ፣ ወይም የትምህርት ቤቱን ወጪ መሸፈኛ ሆነ። በችኮላ የሠለጠኑት መምህራንም ብዙ ሕፃናት ፊት ያለ በቂ መጽሐፍ ቆሙ። በ1980ዎቹ የኢኮኖሚ ችግር ሲበረታ የተማሪው ቁጥር ወደ ኋላ ማለት ጀመረ። ክፍያም ተመለሰ፤ የአንደኛ ደረጃ ክፍያ እንደገና የተነሣው ከ2000 ወዲህ ነው።

የመጨረሻው ዘመን

ከ1973 እስከ 1976 ባለው ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች ወደ መንደር እንዲሰባሰቡ ተደረገ። ዓላማው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የውሃ ቧንቧ እንዲያገኙ ነበር። በፈቃድ የተጀመረው ግን በግድ አለቀ፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ነበሩ። አገሩም ከ1965 ጀምሮ በአንድ ፓርቲ የሚመራ፣ ያለ ፍርድ ማሰር በሕግ የተፈቀደበት ነበር። ታሪክ ስንጽፍ ይሄንንም መዝለል አይገባም።

ኔሬሬ በ1985 በፈቃዳቸው ሥልጣን ለቀው ወደ ቡቲያማ ተመለሱ። በዚያ ዘመን በአፍሪካ እንዲህ ያደረጉ መሪዎች ጥቂት ነበሩ። ሀብት አላከማቹም፤ ስሕተት እንደነበረባቸውም በአደባባይ ይናገሩ ነበር። ኦክቶበር 14 ቀን 1999 በለንደን ሆስፒታል በደም ካንሰር ሞተው በትውልድ መንደራቸው ተቀበሩ። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ከመሠረቱት መሪዎች አንዱ ስለነበሩም፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና የጸጥታ ሕንፃ በስማቸው ተሰይሟል።

ለእኛ ምን ይላል?

ከኔሬሬ ሕይወት የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የተማርነው በሰው ላብ ነው። እኛን ለማሠልጠን የሚወጣው ገንዘብ የተሰበሰበው ልጁን ኮሌጅ ካላየ ገበሬ ጭምር ነው። ስለዚህ ተመድበን የምንሄድበትን የገጠር ትምህርት ቤት እንደ ግዞት ማየት አይገባንም። ሁለተኛው፣ ዕዳ በትእዛዝ ብቻ አይከፈልም። ከመካከላችን ዲግሪ መቀጠል የማይመኝ የለም፤ ይህ ምኞት ክህደት አይደለም። በሩ ክፍት መሆኑን የሚያውቅ መምህር ገጠር ውስጥ በደስታ ይሠራል፤ በሩ የተዘጋበት ግን ሌላ ቀዳዳ ሲፈልግ ክፍሉን ይረሳል። የታንዛኒያ ወላጆችም ያሳዩት ይህንኑ ነው።

ይህ ሚዛን የሚጠበቀው በሚኒስቴር ብቻ አይደለም፤ በየክፍላችንም ነው። ስድሳ ሰባ ልጆች ባሉበት ክፍል አንዷ ልጅ ሒሳቡን ቀድማ ጨርሳ እጇን አጣጥፋ ብትቀመጥ ምን እናደርጋለን? ለእሷ ብቻ ብናስተምር የቀሩት ይወድቃሉ። ዝም ብለሽ ጠብቂ ብንላት ደግሞ የሚጠይቀውን አእምሮ እንገድላለን። ለእሷ ከበድ ያለ ጥያቄ ሰጥተን፣ ቀጥሎም ጎኗ ላለችው ልጅ እንድታስረዳ ብናደርግ ግን እሷም ታድጋለች፣ ጎረቤቷም ታገኛለች። የትምህርት ቤቱንም አትክልት ልጆቹ ራሳቸው ከለኩት፣ ካሰሉትና ምርቱ ምን ላይ እንደሚውል ከተወያዩበት ትምህርት ነው፤ የመምህሩን ጎመን የሚኮተኩቱ ከሆነ ግን ጉልበት ብዝበዛ ነው።

ምዋሊሙ ኔሬሬ አንዱን ልጅና መንደሩን ለማስታረቅ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከሥልጣን ወንበር ላይ ሆነው ደከሙ። ግማሹ ተሳካላቸው፤ ግማሹ ቀረ። የቀረው ግማሽ በየትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ለሚቆም መምህር የተተወ ሥራ ነው። መምህራኖቻችንም ሠልጣኝ ጓደኞቻችንም በዚህ ላይ ያላችሁን ሐሳብ ጽፋችሁ ብትሰጡን በሚቀጥለው እትም ለማውጣት ዝግጁ መሆናችንን እንገልጻለን።